የእናትዎ ገበያ ሊነሳ ነው፤ ምን ይጠይቁ?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «እናቴ በሰፈራችን ገበያ አትክልት ትሸጣለች። ሦስታችንንም ያስተማረችን በዚያ መደብ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቦታው ለልማት ይፈለጋል፣ ሕንጻ ይሠራበታል ይባላል። እስካሁን የተነሳ ሰው የለም። ገበያው ግን ቀዝቅዟል። ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በአህያ ጭነው ይመጡ የነበሩት ገበሬዎችም የሉም ማለት ይቻላል። እናቴ ‹ድሮውንም እየሞተ ነበር፣ ልማቱ ሰበብ ነው› ትላለች። እኔ ልማቱ ነው የገደለው ባይ ነኝ። ማናችን ነን ልክ? አሁንስ ምን ማድረግ እንችላለን? ገንዘብ ተቀብሎ መውጣት ይሻላል የሚሉም አሉ።»

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የምታወሩት ግን ስለ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። እናትዎ የሚሉት ስለ ገበሬዎቹ መቅረት ነው። እሱ እውነትም ከልማቱ ወሬ በፊት የጀመረ ነው። እርስዎ የሚሉት ስለ ገበያተኛው መቅረት ነው። እሱ ደግሞ ከወሬው ጋር የመጣ ነው። እኔ በሙያዬ የከተማ ፕላን ሰው ነኝ፤ ገበያ የሚነካ ፕላን ላይ ብዙ ሠርቻለሁ። ሁለቱን ለይታችሁ ካላያችሁ የማይመለሰውን ስትጠይቁ የሚመለሰው ያመልጣችኋል።

ከገበሬዎቹ ልጀምር።

ያ ጎመንና ድንች፣ እንቁላልና ቅቤ በአህያ ጭኖ ቅዳሜ ጠዋት ይገባ የነበረ ገበሬ ከሩቅ አገር አልነበረም የሚመጣው። ቤቱ የጥቂት ሰዓት መንገድ ነበር። በአዲስ አበባ ዳርቻ ያሉትን የካ አባዶን፣ ቱሉ ዲምቱን፣ ኮዬ ፈጬን ያስቡ። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመባቸው እነዚህ ቦታዎች ትናንት እርሻ ነበሩ። እርሻው ሲሄድ ከእርሻው ጋር የነበረው አህያም፣ ቅዳሜም አብሮ ሄደ። የገበሬው ልጅ ዛሬ ባጃጅ ይነዳ ይሆናል፣ ወይም የግንባታ ዘበኛ ነው። ወደ እናትዎ ገበያ ጎመን ይዞ የሚመጣበት ምክንያት የለውም።

በእሱ ቦታ የገባው መኪና ነው። አሁን እናትዎ የሚሸጡት ቲማቲምና ሽንኩርት ባብዛኛው ከመቂና ከዝዋይ ዙሪያ በአይሱዙ ተጭኖ የሚመጣ ነው። ሙዙ ከአርባ ምንጭ ነው። ከአጠገብ የቀረው ቆስጣና ሰላጣ ነው፤ ከአቃቂ ወንዝ ዳር ከሚለማው። የዚያ ውሃ ንጽህና ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ዛሬ አልገባበትም።

መኪናው ሲመጣ ደላላው አብሮት መጣ። መቂ ያለው ገበሬ አዲስ አበባ ላይ ቲማቲም ዛሬ ስንት እንደዋለ የሚሰማው ከደላላው ነው። ደላላው ደግሞ ለገበሬውና ለጅምላ ነጋዴው የሚናገረው ዋጋ አንድ ላይሆን ይችላል። ስልክ በየእጁ ከገባ በኋላ ይሄ ይቀራል ተብሎ ነበር። ብዙም አልቀረም። ቲማቲም ተለቅሞ ሳጥን ውስጥ ከገባ በኋላ አይጠብቅም። ገበሬው ትክክለኛውን ዋጋ ቢያውቅ እንኳ «አልሸጥም» ብሎ ይዞት የሚያድርበት ቦታ የለውም። ዋጋ ማወቅና ዋጋ መደራደር የተለያዩ ናቸው።

ስለዚህ «የገበሬዎቹ ገበያ ይመለስልን» ብላችሁ ብትጠይቁ ማንም ሊመልስላችሁ አይችልም። እናትዎ ይሄን ቀድመው ገብቷቸዋል።

አሁን ወደ እርስዎ ወገን ልምጣ። እስካሁን አንድም ድንጋይ ሳይነሳ ገበያው ለምን ቀዘቀዘ?

እናትዎ ጠዋት ሸቀጡን እንዴት እንደሚያመጡ ያስቡ። ብዙዎቹ ቸርቻሪዎች ሁሉንም በእጅ በእጅ አይገዙም። ሁለት ሳጥን ቲማቲም፣ ግማሽ ኩንታል ሽንኩርት በዱቤ ይወስዱና ማታ ወይም በማግስቱ ይከፍላሉ። ወረቀት የለም፤ ፊርማ የለም፤ ዋስ የለም። ጅምላ ነጋዴው የሚያምናቸው ለምንድን ነው? ነገም እዚያው መደብ ላይ እንደሚያገኛቸው ስለሚያውቅ ነው። መደቧ ለዱቤዋ መያዣ ናት። ባንክ ካርታ ይዞ እንደሚያበድረው እሱ ቦታዋን ይዞ ያበድራታል።

«ይነሳል» የሚል ወሬ የገባ ቀን ያ መያዣ ዋጋ ያጣል። ጅምላ ነጋዴው ክፉ ሆኖ አይደለም። ነገ የት እንደምትሆን ካላወቀ ለምን ያምናታል? «ካሁን በኋላ በእጅ በእጅ ነው» ይላል። በእጇ ያለው ብር ደግሞ ከወትሮው ግማሹን ነው የሚገዛው። መደቧ ላይ ቲማቲም አለ፣ ቃሪያ የለም። ሽንኩርት አለ፣ ነጭ ሽንኩርት የለም። ገዢዋ አንድ ቀን ትታገሳለች፣ ሁለት ቀን ትታገሳለች። ሦስተኛውን ሁሉን ነገር ወደምታገኝበት ትሄዳለች።

ሌላውም ይከተላል። የተቀደደው የሸራ ጣሪያ አይጠገንም፤ «ሊነሳ ነው ምን አደከመን»። የተደፈነው ቦይ አይከፈትም፤ ወረዳውም በጀት አይመድብለትም፤ ሊነሳ ነው። አዲስ ሻጭ አይገባም። አርጅታ የምትወጣው እናት ቦታዋን ለልጇ ወይም ለእህቷ ልጅ ታወርስ ነበር፤ አሁን ባዶውን ይቀራል። ከዓመት በኋላ ባለሙያ ደብተር ይዞ ይመጣና «ገበያው የተዳከመ፣ አብዛኛው መደብ ባዶ የሆነ» ብሎ ይጽፋል። ያየውን ነው የጻፈው፤ አልዋሸም። ያ ወረቀት ግን ገበያው መነሳት አለበት ለሚለው ውሳኔ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ወሬው ያደከመው ገበያ በድካሙ ይፈረድበታል።

እኔ የማምነው ይህንን ነው፦ በእንዲህ ያለ ነገር ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው ፈረሳው ሳይሆን በወሬውና በፈረሳው መካከል ያለው ጊዜ ነው። ሰው ሁሉ የሚጨቃጨቀው ስለ ካሬ ሜትር ነው። ከካሬው ይልቅ ቅደም ተከተሉ ላይ ብትከራከሩ ብዙ ታተርፋላችሁ። ምን ማለቴ እንደሆነ በሌሎች ገበያዎች ላሳይዎት።

አዲስ አበባ ገበያ ማዛወር የጀመረችው ዛሬ አይደለም። ትልቁ ገበያ በፊት አራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን አካባቢውን ለአውሮፓውያን ፈልጎ ገበያውን ወደ ምዕራብ ገፋው። መርካቶ ያኔ ነው የተተከለው። ፒያሳ ግን ገበያ አልባ ሆና አልቀረችም። አትክልት ተራ እዚያው ጉያዋ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ከተማውን ሲመግብ ኖረ።

በ2012 ኮሮና ሲገባ መጨናነቁን ለመቀነስ ተብሎ አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ ሄደ። ለጊዜው ነው ተባለ። ክረምቱ ገባ፣ ሜዳው ጭቃ ሆነ፣ ሰውም ሸቀጡም እዚያው ጭቃ ላይ ዋለ። ጥምቀት ሲቃረብ ደግሞ ሜዳው ለታቦታቱ መለቀቅ ነበረበት፤ በዓሉ በዩኔስኮ ከተመዘገበ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ስለዚህ ከ2013 ጥምቀት በፊት ገበያው ወደ ላፍቶ፣ ኃይሌ ጋርመንት ወደተዘጋጀለት ቦታ ተሻገረ። ወደ ፒያሳ አልተመለሰም።

ይህን ዝውውር አንዳንዱ ጥፋት ነው ይላል፤ ሌላው ስኬት ነው ይላል። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። ከመቂ ለሚመጣ መኪና ላፍቶ ይሻለዋል፤ ከደቡብ መጥቶ መሃል ከተማ ሳይገባ ያራግፋል። የፒያሳ ጠባብ መንገድም ከጭነት፣ ከቆሻሻና ከመጨናነቅ አረፈ። ጅምላ ነጋዴው ለመድ አድርጎ ቀጠለ። የተጎዳው ሌላ ነው። በከተማው ሰሜን በኩል፣ ሽሮ ሜዳ፣ ፈረንሳይ፣ አዲሱ ገበያ፣ ጉለሌ ያለችው ቸርቻሪ ናት።

በቁጥር ላሳይዎት፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው። እንበል አንዲት ሴት በቀን 40 ኪሎ አትክልት ታመጣለች። ፒያሳ ወርዳ ስትመለስ ለተሸካሚና ለታክሲ 100 ብር ታወጣ ነበር እንበል። በኪሎ 2 ብር ከ50 ሳንቲም መሆኑ ነው። ከሰሜን ጫፍ ደቡብ ጫፍ ላፍቶ ድረስ ሄዳ ስትመለስ 400 ብር ከወጣባት በኪሎ 10 ብር ይሆናል፤ ኪሎው ላይ 7 ብር ከ50 ሳንቲም ተጨመረ ማለት ነው። ያንን ጭማሪ ገዢዋ ላይ ብትጥለው ገዢዋ ትሸሻለች። ራሷ ብትውጠው ትርፏ አለቀ። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስታ የምታጣው እንቅልፍና ልጆቿን ለትምህርት ቤት የማታደርስበት ጠዋት ሒሳቡ ውስጥ የለም።

ከዚያ ምን ይሆናል? ፒክአፕ ያለው ሰው ይመጣል። ላፍቶ ገዝቶ በየሰፈሩ ያከፋፍላል። ሥራ ነው፤ አልነቅፈውም። ግን በገበሬውና በገዢው መካከል አንድ እጅ ተጨመረ። «ሽንኩርት ለምን ተወደደ» ስንል ሌላም ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህም አንዱ ነው።

ፒያሳ ላይ ሌላም ነገር መጣ። በ2016 የካቲት የአድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። የዚያኑ ሰሞን የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር የሰፈሩ ነዋሪ ራሱ በብዛት ተነሳ። አትክልት ተራ እዚያው ቢቆይ ኖሮ እንኳ እግረ መንገዱን ጎመን የሚገዛው ጎረቤት አብሮት አይኖርም ነበር። ስለዚህ ወረዳ ስትሄዱ ከሁሉ በፊት የምትጠይቁት ይህ ይሁን፦ የሚነሳው ገበያው ብቻ ነው ወይስ ሰፈሩም ነው? ሰፈሩ የሚነሳ ከሆነ «እዚያው እንቆይ» ማለት ትርጉም የለውም። ነዋሪው ወዴት እንደሚሄድ ጠይቃችሁ ተከተሉት። ገበያው ብቻ ከሆነ የሚነሳው ግን በአቅራቢያው ቦታ ይሰጠን ብላችሁ ጠንክራችሁ ተከራከሩ፤ ደንበኞቻችሁ እዚያው ናቸውና።

ከውጭ አገር ሁለቱን ባጭሩ ልንገርዎት። ፓሪስ ሌ ዓል የሚባለውን የመሃል ከተማ ገበያዋን በ1969 እ.ኤ.አ. ወደ ሩንጂስ አወጣች። በ1971 የብረት አዳራሾቹን ማፍረስ ጀመረች፤ ቦታው ለዓመታት ጉድጓድ ሆኖ ቆየና በ1979 የገበያ አዳራሽ ተከፈተበት፤ ልብስና ጫማ። ሩንጂስ በጅምላ ንግድ በጣም ተሳክቶለታል፤ መሃል ከተማው ግን ሌላ ሆነ። ለንደን ኮቨንት ጋርደንን በ1974 ወደ ናይን ኤልምስ አዛወረች። እዚያ ነዋሪው ታግሎ አሮጌው ሕንጻ እንዳይፈርስ አደረገ፤ በ1980 ታድሶ ተከፈተ። ዛሬ የሚያምር ቦታ ነው። ሕንጻው ተረፈ፤ ጎመኑ ሄደ።

ሦስተኛው ሲያትል ነው፤ እሱ ላይ ቆም ልበል። በዚያ ከተማ ያሉ ወገኖቻችንም ፓይክ ፕሌስን በደንብ ያውቁታል። ገበያው በ1907 እ.ኤ.አ. የተከፈተው በሽንኩርት ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ደላሎቹ ዋጋውን አሥር እጥፍ አድርሰውት ነበር ይባላል። ነዋሪው ተቆጣ፤ የከተማው ምክር ቤትም ገበሬው ጋሪውን አቁሞ በቀጥታ ለሸማቹ የሚሸጥበት መንገድ ፈቀደ። ጉዳዩ ከእኛው ምን ያህል እንደሚመሳሰል ይገርማል።

ከዚያ ገበያው ተዳከመ። ዋናው ምክንያት የሚያሳዝን ነው። ብዙዎቹ ሻጭ ገበሬዎች የጃፓን ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ነበሩ። በ1942 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት መንግሥት ከቤታቸው አስነስቶ ካምፕ አስገባቸው። መደቦቹ ባዶ ቀሩ፤ ብዙዎቹም አልተመለሱም። በዚያ ላይ ሱፐርማርኬትና መኪና መጣ። በ1960ዎቹ «ቦታው አርጅቷል» ተብሎ አፍርሶ ሆቴል፣ ቢሮና የመኪና ማቆሚያ የመሥራት ፕላን ወጣ። ቪክተር ስታይንብሩክ የሚባል አርክቴክት ከነዋሪዎች ጋር ሆኖ ፊርማ አሰባሰበ። በኅዳር 1971 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ገበያው እንዲጠበቅ ወሰነ።

ቁም ነገሩ ከድምፁ በኋላ ያለው ነው። በ1973 ገበያውን የሚያስተዳድር የሕዝብ ተቋም ተቋቋመ። ሕንጻዎቹ ታደሱ፤ ከሕንጻው ይልቅ ግን ደንቡ ነው ገበያውን ያቆየው። በገበሬ መደብ ላይ የሚቀመጥ ሰው ራሱ ያመረተውን ነው የሚሸጠው። በየአገሩ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት እንደልቡ አይገባም። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች መኖሪያ እዚያው ገበያው ውስጥ ተሠራ፤ ክሊኒክም አለ። አዛውንቷ ደረጃ ወርዳ ድንች ገዝታ ትመለሳለች ማለት ነው። ገዢውን ከገበያው ጋር አብረው አቆዩት። ዛሬ አንዳንድ ቀን ከገዢው ፎቶ አንሺው ይበዛል ብለው የሚያማርሩ አሉ፤ ልክ ናቸው። ገበያው ግን አለ።

እኛ አገር በድምፅ የሚወሰን ነገር አይደለም። ደንብ መጻፍ ግን ይቻላል። ምን እንደምትጠይቁ ልንገርዎት።

መጀመሪያ ሕጉ። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ካሳ እንዲከፈልና ተነሺዎች መልሰው እንዲቋቋሙ ያዛል። አስቀድሞ ውይይት መደረግ እንዳለበት ይናገራል፤ አቤቱታ የሚሰማ አካልም አለው። ኋላ ላይ ማሻሻያ ስለወጣበት አሁን የሚሠራበትን ቅጂና የከተማውን መመሪያ አንድ ጠበቃ ያሳያችሁ። አዋጁ ግን የተሠራው በባለይዞታ ዙሪያ ነው። ካርታ ያለው ሰው ያውቃል ምን እንደሚጠይቅ። የቀበሌ ሱቅ ውል ያለው ሰውም የሚይዘው ወረቀት አለው። መደብ ላይ የምትቀመጥ ሴት ግን ባለይዞታ አይደለችም። እሷን የሚያስቆጥራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሟ መዝገብ ላይ መኖሩ።

መዝገቡ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርዎት፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። ሠራተኞች አንድ ቀን ይመጣሉ፣ ያገኙትን ይመዘግባሉ፣ ይሄዳሉ። ያን ቀን ለቅሶ የሄደች፣ ልጇን ሐኪም ቤት ያደረሰች፣ ጠዋት ሸጣ ጨርሳ ቤቷ የገባች የለችም። በእሷ ፋንታ ወሬውን ሰምቶ ያን ሰሞን ሸራ የወጠረ ሰው ይመዘገባል። ይሄ በየገበያው የሚሰማ ነገር ነው።

ስለዚህ እናንተ ቅደሙ። የገበያው ሰዎች ተሰብስባችሁ የራሳችሁን መዝገብ ሥሩ። ስም፣ የምትቀመጥበት ቦታ፣ የምትሸጠው፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ከየትኛው ጅምላ ነጋዴ እንደምታመጣ፣ እሷ ስትቀር ማን እንደሚቀመጥላት። ፎቶ ይኑረው። የግራና የቀኝ ጎረቤቷ ይፈርሙላት፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የቦታ ኪራይ፣ የግብር፣ የጽዳት፣ ማንኛውም ደረሰኝ ካለ ቅጂው ይያያዝ። ከዚያ ወረዳ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉት። በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ ማህተም፣ ቀንና ቁጥር ይኑር። ለኃላፊው በእጅ ሰጥታችሁ «እሺ አየዋለሁ» ተብላችሁ አትመለሱ። እድርና እቁብ ስንመራ የኖርን ሰዎች ነን፤ ይሄ አያቅተንም። እንዲያውም የገበያው እቁብ ደብተር ራሱ ማስረጃ ነው፤ አትጣሉት።

ይህ መዝገብ ሌላም ጥቅም አለው። ለጅምላ ነጋዴው አሳዩት። «እነዚህ ሰዎች አብረው ነው የሚሄዱት፤ የሚሄዱትም እዚህ ነው» ካላችሁት ዱቤውን የሚቀጥል ይገኛል። ቀደም ብዬ ያልኩትን መያዣ በከፊል የሚመልሰው ይህ ነው።

ሁለተኛው ቅደም ተከተሉ ነው። አዲሱ ቦታ ሳይከፈት አሮጌው አይዘጋ። ሁለቱ ጎን ለጎን የሚሠሩበት ጥቂት ሳምንት ይኑር፤ ደንበኛ እስኪለምድ። «ለጊዜው» የሚባል ቦታ ከሰጧችሁ የሚያበቃበት ቀን በጽሑፍ ይሁን፤ ጃን ሜዳን ያስታውሱ። ክረምት ላይ አትነሱ። ቀኑን የመምረጥ ዕድል ካገኛችሁ ደግሞ ከሁዳዴ በፊት ባሉት ሳምንታት ይሁን። ደረቅ ወቅት ነው። ሁለት ወር ገደማ ሥጋና ወተት የተወው ሰው ሁሉ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ጎመንና ቆስጣ ፈላጊ ነው። በፍስክ የማይከተላችሁ ደንበኛ በጾም ይከተላችኋል።

አብራችሁ ሂዱ። ጎመን ሻጯን እዚህ፣ በርበሬ ሻጯን እዚያ፣ ፌስታል የሚሸጠውን ልጅ ሌላ ቦታ ከመደቧቸው ሦስቱም ይከስራሉ። ገበያተኛ የሚመጣው አምስት ነገር ከአንድ ቦታ ለመግዛት ነው። ታክሲውም በሩ ላይ ይቁም። ጥሩ ሼድ ተሠርቶለት ታክሲ ስለማይደርሰው ብቻ ባዶውን የሚቀር ገበያ አለ።

ሕንጻ ይሠራላችኋል ከተባለ ፕላኑን እዩት። አትክልት ደረጃ አይወጣም። 30 ኪሎ ሳጥን ሁለተኛ ፎቅ የሚያወጣ ተሸካሚ አለ፤ ሁለተኛ ፎቅ ወጥታ ሁለት ኪሎ ቲማቲም የምትገዛ ደንበኛ ግን የለችም። ምድር ቤቱን ለባንክና ለካፌ ሰጥተው አትክልቱን ላይ ካደረጉት እንዳልተሰጣችሁ ቁጠሩት። በመርካቶ ነጋዴዎች ራሳቸው አክሲዮን አዋጥተው ሕንጻ የሠሩባቸው ቦታዎች አሉ፤ ለጨርቅና ለኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ጥሩ መንገድ ነው። ለመደብ ሻጭ የአክሲዮኑ ዋጋ አይቀመስም። ለእሷ የሚሻለው በምድር ቤቱ ክፍት መደብ እንዲኖር በውሉ ማስገባት ነው፤ ኪራዩም በወር ሳይሆን በቀን የሚከፈል። በወር አንዴ ብዙ ሺህ ብር የሚጠይቅ ተጣጣፊ በር ያለው ሱቅ ለእናትዎ ዓይነት ንግድ አይሆንም። ውሃ፣ ፍሳሽ፣ መጸዳጃ ቤትና የበሰበሰውን በየቀኑ የሚያነሳ መኪና ሳይረሳ።

ስለ እሁድ ገበያ ይጠይቁኝ ይሆናል። ለሸማቹ ጥሩ ነው፤ ዋጋ ያረጋጋል። ፍሪጅ የሌላት ቤት ግን ቲማቲምን በሳምንት አንዴ አትገዛም። ስለዚህ የእናትዎን ገበያ ይተካል ብዬ አላስብም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። አሮጌው ገበያ እንዳለ ይቆይ ብዬ እየተከራከርኩ አይደለም። ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ ቆሞ መሸጥ፣ ሽንት ቤት ፍለጋ ሰው ቤት መለመን፣ በሸራና በእንጨት መሃል እሳት ቢነሳ መውጫ ማጣት፤ ይሄ የሚናፈቅ ነገር አይደለም። እናቶቻችን የተሻለ ይገባቸዋል። የተሻለው ግን እነሱን ትቶ ለሌላ ሰው የሚሠራ መሆን የለበትም።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ገንዘቡ ነው። መልሱ እናትዎ ላይ ነው የሚወሰነው። «ደክሞኛል፣ በቃኝ» ካሉ ገንዘቡን ተቀብለው ቢወጡ ምንም ነውር የለውም። ልጆች ብዙ ጊዜ ይህን ጥያቄ ለእናት ሳያቀርቡ በእሷ ስም ይታገላሉ። መሥራት የሚፈልጉ ከሆነ ግን ገንዘቡ ከሚያገኙት ገቢ ጋር ይነጻጸር፤ በቀን የሚተርፋቸውን በሐቅ አስሉትና ስንት ወር እንደሚያቆያቸው እዩ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስደነግጥ ያህል አጭር ነው። ምትክ መደብ ከደረሳቸው ደግሞ መደቡን ሊገዛቸው የሚፈልግ ደላላ ዕጣው በወጣ ሰሞን በሩ ላይ ይቆማል። ያኔ አዲሱ ቦታ ባዶና ሩቅ ስለሚመስል በርካሽ የሚሸጥ ብዙ ነው። እናትዎ ለመሸጥ ቢወስኑ እንኳ ገበያው ሞቅ እስኪል ይቆዩ። ካልቸኮሉ የሚያጡት ነገር የለም። ከዚያ በፊት መመሪያው ማስተላለፍን ይፈቅድ እንደሆነ ይጠይቁ፤ የሚከለክል ከሆነ ያለ ወረቀት የሸጡት ቦታ ሻጩንም ገዢውንም ያስከስሳል።

የማንሻ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ የተጻፈበትን ሳይሆን የደረሳችሁን ቀን በፊርማ አስመዝግቡ። አቤቱታ ለማቅረብ የተሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ የሚቆጠረውም ከደረሳችሁ ቀን ነው።